የድንጋይ ድልድዮቻችን ከስር ሲታዩ

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

መካከላችሁ ጢስ አባይን ያየ ብዙ ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመኪና እንደወረዳችሁ ልጆች ይከቧችኋል። ነጠላና ቅል ያሳዩዋችኋል። ከዚያ ቁልቁለቱን ትወርዱና አንድ የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። አብዛኛው ጎብኚ ድልድዩ ላይ አንድ ሁለት ፎቶ ይነሣና ወደ ፏፏቴው ይቸኩላል። እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም። የፏፏቴው ድምፅ ይጠራል።

እኔ ግን ዛሬ የምለምናችሁ እዚያው ድልድዩ ዘንድ እንድትቆዩ ነው። አላታ ድልድይ ይባላል። በአባይ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ ነው። ያስገነቡት አጼ ሱስንዮስ ናቸው፤ ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1626 ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመታት ሁሉ፣ ዓ.ም ካላልኩ በቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ያዙልኝ። ድልድዩ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ አህያ ይሻገርበታል፣ የቀብር አስከሬንም የሙሽራ ሸኚም ይሻገርበታል። ወደ 400 ዓመት ገደማ ማለት ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እዩልኝ። አባይ ከጣና ሲወጣ ሰፊ ነው፣ ይንቀራፈፋል። ፏፏቴው ላይ ተንዶ ከወረደ በኋላ ግን ጥቁር ዓለት መሃል ይገባና ይጠባል። በጣም ይጠባል። ያን ያህል ውሃ በዚያች ስንጥቅ ማለፉን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። ድልድዩ የተሠራው ልክ እዚያ ጋ ነው። ቦታውን የመረጠው ሰው ወንዙን በበጋም በክረምትም ተመላልሶ አይቶታል ብዬ አምናለሁ። በበጋ ብቻ ያየ ሰው ወንዙ የት ድረስ እንደሚሞላ አያውቅም። ዋናው ቅስት በጠባቡ ስንጥቅ ላይ ተወርውሯል። ወደ ጎን ደግሞ ትናንሽ ቅስቶች አሉ። በበጋ ስትሄዱ ትናንሾቹ ስር ውሃ ስለማይኖር ለምን እንደተሠሩ ግር ሊላችሁ ይችላል። ክረምት ሂዱና ጠይቁኝ! ወንዙ ሞልቶ ከስንጥቁ ሲወጣ መተንፈሻ የሚያገኘው በእነሱ በኩል ነው።

አሁን ወደ አንድ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ልግባ።

ይህን ድልድይ ብዙ ሰው የሚያውቀው «የፖርቹጋል ድልድይ» በሚል ስም ነው። አስጎብኚው እንደዚያ ይላል። መጽሔቱ እንደዚያ ይጽፋል። እዚያው ድልድይ ላይ ግን አንድ የገበያ ቀን ጌሾ የተሸከሙ እናት አረፍ ሲሉ አግኝቼ፣ «እማማ፣ ይህን ድልድይ ማን ሠራው ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ፋሲል ነዋ! ሌላ ማን ሊሠራው ኖሯል ልጄ?» አሉኝ። እንግዲህ አስጎብኚው ፖርቹጋል ይላል፣ የአገሩ ሰው ፋሲል ይላል፣ የዘመኑ ጽሑፍ ደግሞ ሱስንዮስ ይላል።

የእማማን መልስ በደንብ እረዳዋለሁ። አጼ ፋሲል ሰባት ድልድይ አሠሩ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ያረጀ የድንጋይ ድልድይ የተባለ ሁሉ ለእሳቸው ተሰጠ። ሕዝብ ደግ የሠራን ንጉሥ የሚያስታውሰው እንደዚያ ነው። የፖርቹጋሉ ነገር ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ፖርቹጋሎች አልነበሩም እያልኩ አይደለም። በ1541 ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደር ይዞ መጥቶ ከአሕመድ ግራኝ ጋር ተዋግቷል። የተረፉት ወታደሮች እዚሁ አገብተው፣ ወልደው ቀርተዋል። ከዚያ ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ቄሶች መጡ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገባ። ትውልዱ ስፔን ነው፤ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት በ1622 ሞቷል። ቀጥሎ በ1625 የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ መጣ። ስለ አላታ ድልድይ የጻፈልን ከእነዚሁ ኢየሱሳውያን አንዱ የሆነው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ ነው። የሚለውም ይህን ነው። ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በዚያው አካባቢ፣ ወደ አባይ በሚገባው በአላታ ወንዝ ዳር ተገኘ። ሥራውን የመራው ደግሞ ከፓትርያርኩ ጋር ከህንድ የመጣ ባለሙያ ነው።

ስለዚህ ነገሩን እንደ ሆነው እንናገረው። ትዕዛዙ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። ድንጋዩና ኖራው የአካባቢው ነው። መሪው ባለሙያ ከህንድ የመጣ ነው። እሱን ያመጡት የፖርቹጋል መርከብና የፖርቹጋል ቄሶች ናቸው። ድንጋዩን የፈለጠው፣ የተሸከመው፣ ውሃ የቀዳው፣ ኖራውን ያቃጠለው ማን ይመስላችኋል? ስማቸው የትም አልተጻፈም። አራት ወገን የተረባረበበትን ሥራ ለአንዱ ብቻ መስጠት፣ ያውም ለሩቁ፣ እኔን ያመኛል።

ይህ ብቻ አይደለም። አጼ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩ በጦርነት ታመሰ። በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መለሱ፣ ኢየሱሳውያንንም ከአገር አስወጡ። አሁን አስቡት። የፋሲል ናቸው የምንላቸው ድልድዮች የተሠሩት ቄሶቹ ከተባረሩ በኋላ ነው። እነዚያንም «የፖርቹጋል» ብለን እንጠራቸዋለን! የሚገርመው ነገር እጁ አገር ውስጥ መቅረቱ ነው። ቅስት መወርወር፣ ኖራ ማቃጠል፣ ድንጋይ ከድንጋይ ማግጠም የሚችል ግንበኛ እዚሁ ነበረ። ጎንደር ስትሄዱ የምታዩዋቸው ግንቦች የዚያ እጅ ሥራዎች ናቸው።

እስቲ ይህ እጅ ምን ያውቅ እንደነበር እንይ። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር መዳፍ ለመዳፍ ግጠሙ። አሁን ሁለታችሁም ወደ ፊት ደገፍ በሉ። በርቱ፣ አትፍሩ። አያችሁ? አንዳችሁም አልወደቃችሁም። ሁለታችሁም መውደቅ ትፈልጋላችሁ፣ ግን አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ሦስተኛ ሰው መጥቶ ከላይ ቢጫናችሁ መዳፋችሁ ይበልጥ ይጠብቃል። ቅስት ማለት ይኸው ነው። ድንጋዮቹ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ተደርገው ስለሚጠረቡ ወደ ታች ሊሾልኩ አይችሉም። ክብደት በመጣ ቁጥር ይበልጥ እርስ በርስ ይገጥማሉ።

አሁን እግራችሁን አስተውሉ። ወደ ኋላ ሊንሸራተት ፈለገ አይደል? የቅስት ችግር እዚያ ነው። ከመሃል አይፈርስም፣ እግሩ ሲሸሽ ነው የሚፈርሰው። ለዚህ ነው አላታ ላይ ዓለቱ ወሳኝ የሆነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ሲያልፍ ይህን ልብ ብሎታል። የድልድዩ ሁለት ጫፎች በዓለቱ ላይ ጠብቀው መቀመጣቸውን ጽፏል። ዛሬም ወርዳችሁ ስታዩ ያው ነው።

ወርዳችሁ ስታዩ አልኩ። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ድልድይ ከላይ ሲያዩት መንገድ ነው። ሥራው ያለው ከስር ነው። በበጋ፣ ውሃው ዝቅ ሲል፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ሆናችሁ ወደ ጎን ውረዱ። ብቻችሁን አትውረዱ፣ ዓለቱ ያንሸራትታል። ከደረቁት ትናንሽ ቅስቶች ስር ግቡና ቀና በሉ። መጀመሪያ የምታዩት የድንጋዮቹን አደራደር ነው። የፊት ለፊቶቹ ተጠርበው ጠርዛቸው የወጣ ነው። ወደ ውስጥ ስትገቡ ያልተጠረበ ድንጋይና ብዙ ኖራ ታገኛላችሁ። ግንበኛው ድካሙን የት ማዋል እንዳለበት ያውቃል።

ቀጥሎ ነጭ ነገር ታያላችሁ። በመገጣጠሚያዎቹ በኩል ወርዶ የደረቀ ነጭ ዝቃጭ። ብዙ ሰው ወፍ ያመጣው ይመስለዋል። ኖራ ነው። ዝናቡ ከላይ በመንገዱ ስንጥቅ ይገባል፣ በግንቡ ውስጥ ይሰርጋል፣ ኖራውን እያሟሟ ከስር ይዞት ይወጣል። አየር ሲያገኘው መልሶ ድንጋይ ይሆናል። እዚያ ቦታ ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። እርጥብ ከሆነ ከላይ ውሃ እየገባ ነው ማለት ነው። ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ደግሞ የቆየ ነው። ወደ ግንቡ ውሃ እየገባ እንደሆነ በሁለት ደቂቃ የምትገምቱበት መላ ነው።

ስለ ኖራው ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው። የኖራ ድንጋይ በእቶን ይቃጠላል። እሳቱ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት። ያን ያህል ለማንደድ የሚፈጀውን እንጨት አስቡት። ከተቃጠለ በኋላ ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይለወሳል። የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ጨርሶ እስኪጠነክር ዓመታት ይፈጃል። ድንጋዮቹ ተገጥመው ቅስቱ በራሱ እስኪቆም ድረስ የሚይዘው ከስሩ የተሠራ የእንጨት ርብራብ ነው። ርብራቡ ሲነሣ ነው እንግዲህ የሚታየው። ያ ሥራ ሁሉ በአንድ በጋ ካላለቀ ክረምቱ መጥቶ እንጨቱንም ድንጋዩንም ይወስደዋል። አባይ ቀጠሮ አያራዝምም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? በክረምት አባይ ጎጃምን ከበጌምድር ይቆርጠዋል። የንጉሥ ጦር ወዲህ ማዶ ይቀራል፣ ግብር ወዲያ ማዶ ይቀራል። ገበሬው ደግሞ እህሉን ይዞ ይቆማል። በታንኳ መሻገር የሚቻለው ውሃው በሚረጋበት ቦታ ነው፤ ከፏፏቴው በታች የማይታሰብ ነው። ንጉሡ ያሰቡት ስለ ጦራቸው ሊሆን ይችላል። የተጠቀመው ግን ገበያተኛው ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየው ሌላው ድልድይ ነው፤ ሰባራ ድልድይ። ይህኛው ከአላታ ብዙ ወደ ታች፣ ሞጣን ከደቡብ ጎንደር ጋር በሚያገናኘው ገደል ውስጥ ይገኛል። የተሠራው በአጼ ፋሲል ዘመን፣ በ1660 አካባቢ ነው። መኪና አይደርስበትም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የመሃሉ ቅስት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ድልድዩ ግራና ቀኙ ቆሞ መሃሉ ባዶ ሆኖ ኖረ።

ሰው ግን መሻገሩን አላቆመም። ወዲህና ወዲያ ወንዶች ገመድ ይዘው ይቆማሉ። ተሻጋሪው ገመዱ ላይ ይንጠለጠላል። ይጎትቱታል። ከስሩ አባይ ነው። ሐኪም ቤት የሚሄድ በሽተኛ እንዲህ ተሻገረ። ዘመድ ሊቀብር የሚሄድ እንዲህ ተሻገረ። ድልድይ ሲሰበር ዝምድናው አልተሰበረምና ሰው ነፍሱን አስይዞ ይሄድ ነበር።

እነዚያ ገመድ ጎታቾች «ናሽናል ጂኦግራፊክ» መጽሔት ላይ ወጡ። ፎቶውን አሜሪካ ያለ ኬን ፍራንትዝ የሚባል የግንባታ ሰው አየው። ዝም ብሎ ገጹን አልገለጠም። ተነሥቶ መጣ። የአካባቢው ሕዝብ ዕቃውን በአህያና በጀርባው ወደ ገደሉ አወረደለት። የተሰበረው መሃል በብረት ተገጠመ። ሰውየው ከዚህ ተነሥቶ በብዙ አገሮች ለገጠር ሰው የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። በ2005 ግን ከባድ ጎርፍ መጣና የብረቱን መሃል ወሰደው። በ2009 ደግሞ በአካባቢው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አሁን ሰው የሚሻገረው በእሱ ነው። በሌሎች አገሮች ያሉ ብዙ የእግረኛ ድልድዮች መነሻቸው እዚያ ሞጣ በኩል ያለው ገደል ነው። ይህን የአገሬ ልጆች ሁሉ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ሩቅ መሄድ የማይችል የአዲስ አበባ ሰው ካለ ደብረ ሊባኖስ አለለት። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያም «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚባል አለ። ያሠሩት የአጼ ምኒልክ አጎት፣ የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ነው የሚነገረው። ይህም ማለት ዕድሜው ገና አንድ መቶ ምናምን ዓመት ነው፤ ከፖርቹጋሎቹ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኖራው በሰጎን እንቁላል ተለውሶ ነው የተሠራው የሚል ወግም ይነገርለታል። ወጉን እወደዋለሁ። ድልድዩ ትንሽ ነው፣ ከአጠገቡ ውሃው ወደ ገደል ይወረወራል፣ ጭላዳዎቹም ሣር እየነጩ በዙሪያው ይውላሉ። ውበቱ አያጠያይቅም። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ጠርዙ ላይ እጃቸውን አትልቀቁ። ለዝንጀሮዎቹም ሙዝና ብስኩት አትስጡ። ጭላዳ የሚኖረው በሣር ነው። ሰው ካስለመደው ነጣቂ ይሆናል፣ መጨረሻውም ከገበሬው ጋር መጣላት ነው።

ደግሞም ገዳሙን ሳትሳለሙ አትመለሱ። በግንቦት 1929 ዓ.ም የግራዚያኒ ወታደሮች መነኮሳቱንና ለበዓል የመጣውን ምዕመን የፈጁበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው ዝንጀሮና ድልድይ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አሁን ስለ አካሄዳችን ትንሽ ልበል። ባለንበት ጊዜ ወደ አላታም ወደ ሰባራ ድልድይም መሄድ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። መንገዱ ደህና በሆነ ጊዜ ሂዱ። ስትሄዱ ከተቻለ የገበያ ቀን ምረጡ። ማለዳ ደርሳችሁ ዳር ላይ ተቀመጡ። ጭነት ያለው አህያ ሲመጣ መንገድ ልቀቁ፤ ድልድዩ የእሱ ነው። መከለያው ላይ ወጥታችሁ አትቁሙ። በዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ፎቶ መነሣት ለእናንተም ለግንቡም አደጋ ነው። የሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ከልጆቹ አንድ ነጠላ ብትገዙ፣ ከእናቶች አንድ ቡና ብትጠጡ ደግሞ ያ ብር እዚያው መንደር ያድራል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። እነዚህን ድልድዮች ከጎርፍ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚገድላቸው ዛፍ ነው። ወፍ የሾላ ወይም የዋርካ ፍሬ ይበላል፣ ዘሩን በድንጋዩ መገጣጠሚያ ላይ ይጥላል። ዘሩ እርጥብ ኖራ ያገኛል፣ ይበቅላል። ጣት ሲያህል አንድ ልጅ በእጁ ይነቅለዋል። ክንድ ካከለ በኋላ ግን ብትነቅሉት ግንቡን ይዞ ነው የሚወጣው። ያኔ ከግንቡ ፊት ላይ ቆርጦ ማድረቅና ባለሙያ መጥራት ብቻ ነው ያለው። ይህን ለመከላከል ሚሊዮን ብር አያስፈልግም። ክረምት በወጣ ቁጥር፣ ከመስቀል በኋላ፣ የመንደሩ ወጣቶች ግማሽ ቀን ቢመድቡ ይበቃል።

ሁለተኛው ሲሚንቶ ነው። በቅን ልቦና የሚደረግ ጥፋት ስለሆነ የበለጠ ያሳዝነኛል። ስንጥቅ ያየ ሰው ሲሚንቶ ይመርግበታል። ሲሚንቶ ከኖራው ይበልጥ ይጠነክራል፣ ውሃም አያስወጣም። ከላይ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣል። ግንቡ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ድንጋዩ ፊቱ ይላጣል። ከውጭ ሲያዩት ግን ታድሷል። የኖራ ግንብ የሚጠገነው በኖራ ነው። ይህን የምታውቁ መሐንዲሶች እዚህ ካላችሁ፣ እባካችሁ በየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እየገባችሁ ንገሩልኝ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ አዲሱ የአባይ ድልድይ ተመርቋል። 380 ሜትር ይረዝማል። ኮርተንበታል፣ ልንኮራም ይገባል። የሠራው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደፈጀ፣ መቼ እንደተጀመረ ሁሉ ተጽፏል። ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ታላቅ ወንድሙ ግን ፎቶው እንኳ በሥርዓት አልተቀመጠለትም። ስለዚህ ስትሄዱ ሁለት ነገር አድርጉልኝ። ከስር፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ፣ ሁሉንም ቅስቶች ፎቶ አንሡና ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ዓመት የሄደ ሌላ ሰው ከዚያው ቦታ ሲያነሣ ስንጥቁ መስፋቱን ያውቃል። ሁለተኛ፣ በመንደሩ ያሉትን አዛውንት ስለ ድልድዩ የሰሙትን ጠይቁና በስልካችሁ ቅዱ። ፋሲል ነው ቢሏችሁ አትከራከሯቸው። መከለያው መቼ እንደተጠገነ፣ ወንዙ የት ድረስ ሞልቶ እንደነበር፣ ጥገናው ላይ አባታቸው ድንጋይ ተሸክመው እንደሆነ ጠይቋቸው። ይህን ከእነሱ ሌላ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ።